ጎታችም መኝታም የሚሆን መኪና፦ ከጅማ ወደ ሞተር ስፖርት ውድድር ለምትወጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታናሽ ወንድሜ ሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈር ሜዳ ላይ የሚደረግ የሞተር ሳይክል ውድድር፣ ይወዳደራል። እኔ ሾፌሩም፣ መካኒኩም፣ ምግብ አብሳዩም ነኝ። ከጅማ ሞተር ሳይክል ጭነን በወጣን ቁጥር የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ዋጋው የሚቀመስ፣ ተጎታች የሚስብ፣ ማታ ደግሞ የምንተኛበት መኪና የትኛው ነው?» ለአንድ ለአንዱ ከማስረዳ ሁሉንም እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። ሞተር ሳይክል ላለውም፣ የራሊ መኪና ላለውም፣ ለማየት ብቻ ለሚሄደውም የሚሆን አለበት።

ለመሆኑ መኪና ውስጥ መተኛት ለምን አስፈለገ? አልጋ ተከራይቶ ማደር አይሻልም?

ቦታው ከተማ አጠገብ ከሆነና አቅሙ ካላችሁ አልጋ ያዙ። ግን ውድድር ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ዕቃውን ሜዳ ላይ ጥሎ ከተማ ገብቶ የሚተኛ ሰው ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም። በጠዋት የቴክኒክ ምርመራ አለ፣ ልምምድ አለ። እዚያው ማደር ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ይጨምርላችኋል።

ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት መመለሻው ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መሃሉ ላይ የጊቤ ሸለቆ ቁልቁለትና ዳገት አለ። የመጀመሪያ ጉዟችንን ያደረግነው በተዋስነው ደብል ጋቢና ነበር። ሁለት ሌሊት የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አደርኩ። የማርሹ ዘንግ ጎኔን ወግቶኛል፣ ወገቤ ተቆርጧል። እሁድ ማታ ስንመለስ ወልቂጤን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ዓይኔ ተከደነ። የቀሰቀሰኝ ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠሩን ሲረግጥ የተሰማው ድምፅ ነው። መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩ። እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሜ አጠገቤ አንገቱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል፤ ምንም አልሰማም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ስመርጥ መጀመሪያ የማየው አልጋውን ነው። ቀጥሎ ፍሬኑን። ጉልበቱ ሦስተኛ ነው።

በእርግጥ ተጎታች ያስፈልገኛል?

አንድ ሞቶክሮስ ሞተር ሳይክል ብቻ ካላችሁ አያስፈልጋችሁም። 450 ሲሲ የሆነው እንኳ ከነቤንዚኑ 110 ኪሎ ገደማ ነው። ርዝመቱ 2.2 ሜትር ቢሆን ነው። ቫን ውስጥ ይገባል፤ ሜዳ ስትደርሱ ታወጡታላችሁ፣ ቦታው መኝታ ይሆናል።

ሁለትና ሦስት ሞተር ሳይክል ሲሆን፣ ወይም ሦስት ሰው ውስጥ የሚተኛ ከሆነ ነው ተጎታች የሚመጣው። የራሊ መኪና ያላችሁ ደግሞ ሁለት ምርጫ አላችሁ፤ በተጎታች መጫን ወይም ራሱን መንዳት። አንዳንዱ የውድድር መኪናውን ራሱን እየነዳ ይሄዳል። ወጪው ይቀንሳል። ነገር ግን ውድድር ላይ ካምቢዮው ቢሰበር ወይም መኪናው ቢገለበጥ መመለሻ የለውም። የምትወዳደሩበትን መኪና ለመመለሻ አትቁጠሩት።

ምን ያህል ክብደት እንደምጎትት እንዴት ላስላ?

በግምት አትሥሩ። ወረቀት ላይ ደምሩት። የድሮ ኮሮላ 900 ኪሎ እስከ 1 ቶን ይመዝናል። መኪና የሚጭን ተጎታች ባዶውን 500 እስከ 700 ኪሎ ነው። ጎማ፣ ክሪክ፣ ዕቃ፣ ቤንዚን ሲጨመር ሌላ 150 ኪሎ በሉት። በጠቅላላው እስከ 1.85 ቶን ይደርሳል። ለሦስት ሞተር ሳይክል የሚሆን ተጎታች ግን ከነጭነቱ ከ700 ኪሎ ላያልፍ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምትገዙትን መኪና ይወስናል።

የመኪናው መመሪያ ላይ የመጎተት አቅሙ በሁለት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ፍሬን ላለው ተጎታች አንድ፣ ፍሬን ለሌለው ሌላ። የኋለኛው ሁልጊዜ ያንሳል። አውሮፓ ውስጥ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ይገደዳል። የእኛን ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው ይሄ ጥሩ መነሻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይረሳል። ከፍታ። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ጅማ 1,700 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ስለዚህ መመሪያው ላይ 95 የፈረስ ጉልበት የተባለው ናፍጣ ሞተር አዲስ አበባ አጠገብ ሰበታ ሲደርስ የቀረው ከ75 አይበልጥም። ተርቦ ያለው ሞተር ይሄን ጉዳት በደንብ ይቋቋማል።

እሺ፣ የትኛውን ልግዛ?

መጀመሪያ ስለ ዋጋ እውነቱን እንነጋገር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ዋጋው አልወረደም፣ እንዲያውም ወጣ። ስለዚህ እኔ «ርካሽ» ስል ከገዛችሁት በኋላ የማያስለቅሳችሁን ማለቴ ነው። መለዋወጫው ጅማ መርካቶ የሚገኝ፣ ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀው፣ ልትሸጡት ስትፈልጉ የሚሸጥ።

*ቶዮታ ሃይስ።* ለሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ምንም አላመነታም። አባዱላ የምንለው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ቅርጽ፣ የኋላ ወንበሮቹ ሲወጡ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ወለል ይሰጣል። ረጅም ሰውም እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። ሞተሩን በተመለከተ፣ 5ኤል የሚባለው ባለ 3 ሊትር ተርቦ የለውም፤ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ጠንካራና ለመጠገን ቀላል ነው። ዲ4ዲ የሚባሉት ተርቦ አላቸው፤ ዳገት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል፤ ኢንጀክተራቸው ከተበላሸ ግን ወጪው ከባድ ነው። እኛ የያዝነው 5ኤል ነው። ሃይስ ላይ ከነጭነቱ 1 ቶን አካባቢ የሆነ ተጎታች ብታስሩ ይበቃዋል። የራሊ መኪና አትጫኑበት።

ድካሙ ጭቃ ነው። አብዛኞቹ የሚገፉት በኋላ ጎማ ብቻ ነው፣ የሞተሩ ክብደት ደግሞ ከፊት ወንበር ሥር ነው። እርጥብ ሣር ላይ የኋላ ጎማው ባዶውን ይዞራል።

*ላንድክሩዘር ሎንግ ቤዝ።* አቅሙ ካላችሁ ለራሊ መኪና ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር ተርቦ የለውም፣ ግን ጉልበቱ ገና በዝቅተኛ የሞተር ዙር ይጀምራል። በብዙ አገሮች ፍሬን ያለው ተጎታች እስከ 3.5 ቶን ተፈቅዶለታል። የኋላ ጎን ለጎን ወንበሮቹን ስታወጡ ሁለት ሜትር ገደማ ይተኛል። ነዳጅ ይጠጣል፣ ዋጋውም ይከብዳል። አሮጌዎቹ አንዳንዴ ከመሥሪያ ቤትና ከተራድኦ ድርጅት በጨረታ ይወጣሉ። እዚያ ላይ አንድ ነገር አጣሩ፦ ቀረጡ ተከፍሏል? ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ገና ይጠብቃችኋል። የጨረታውን ዋጋ ብቻ አይቶ የሮጠ ሰው በኋላ ላይ ይደነግጣል።

*ደብል ጋቢና ፒካፕ።* ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ይሄንን ነው። ይጎትታል፣ ጭቃም ይወጣል። አልጋ ግን የለውም። የኋላ ጭነት ቦታው 1.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ ተጣጥፋችሁ ካልሆነ አትተኙም። የኋላ መዝጊያውን አውርዳችሁ፣ ላዩ ላይ ጣውላ ካደረጋችሁ ወደ ሁለት ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ እግራችሁ ከሸራው ውጪ ሆነ ማለት ነው።

*ሲንግል ጋቢና።* ይሄ ተንቋል፤ ያለ ፍትህ ነው የተናቀው። የጭነት ቦታው 2.3 ሜትር ገደማ ነው። ዋጋው ከደብሉ ያንሳል። ላዩ ላይ የብረት ቤት ቢሠራለት ለሁለት ሰው ንጹሕ መኝታ ይሆናል። ሦስተኛ ሰው ካለ ግን ጋቢናው ይጨንቃል።

*አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና።* መግዛት ሳይሆን መከራየት የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። የራሊ መኪናውን በራምፕ ወደ ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ተጎታች የሚባል ጣጣ ይቀራል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የምትወዳደሩ ከሆነ፣ ሁለት ሆናችሁ ከነሾፌሩ ተከራዩ። ሾፌሩ ተኝቶ የሚያድርበትን ቦታ ግን አስቡለት። እናንተን ይዞ የሚመለሰው እሱ ነው።

ፒካፕ አለኝ። ላዩ ላይ ቤት ባሠራስ?

ይሆናል። ጅማ በያጅም አናጢም አላጣችም። አፅሙን በቱቦላሬ፣ ልባሱን በላሜራ አሠሩ። ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ከጋቢናው ጣሪያ ብዙ ከፍ አታድርጉት፤ ንፋስ ይይዛል፣ መኪናው ኩርባ ላይ ያዘነብላል። ሁለተኛ፣ ከውስጥ የሚከፈት በር ይኑረው። ከውጪ ብቻ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ሰው አይተኛም። እሳት ቢነሳ መውጫ የላችሁም።

ያገለገለ መኪና ስገዛ ምኑን ልይ?

ለመጎተት የሚገዛ መኪና ከቤት መኪና የተለየ ምርመራ ይፈልጋል። ሰውየው ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ፤ በጠዋት ሂዱና በብርዱ አስነሱት። ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል።

ከዚያ ሥሩ ግቡ። አታፍሩ፣ ካርቶን አንጥፉና ተኙ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በጣታችሁ ዳስሱት። አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካለ በጥርጣሬ እዩት፤ ብየዳ የሚሸፈነው በቀለም ነው። ባሌስትራው ላይ የተሰነጠቀ ቅጠል ፈልጉ። ሃይስ ከሆነ ታክሲ ሆኖ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ። ታክሲ የሠራ ሃይስ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ግን ፍሪሲዮኑና የተንሸራታች በሩ ሐዲድ ብዙ ያወራሉ።

ፍሪሲዮኑን እንዲህ ፈትኑት። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ነዳጅ ርገጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። በጅማ ዙሪያ ለዚህ የሚሆን ዳገት ሞልቷል፤ እኔ ሁልጊዜ የምወስደው ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ነው። ውጤቱ ጥርት ብሎ ይታያል።

ራዲያተሩን ሳልረሳ። ጎታች መኪና የሚሞተው በሙቀት ነው። ክዳኑን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፈቱት። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ አመስግናችሁ ሂዱ።

ጋንቾውን (ተጎታቹ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበትን ብረት) የት ላሠራ?

የት ከሚለው ይልቅ ምኑ ላይ እንደሚታሰር ጠይቁ። የእኔን ታሪክ ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ጋንቾ ያሠራሁት አንድ ጋራዥ ነው። ሥራው ፈጣን ነበር፣ ዋጋውም ደስ የሚል። ባለሙያው ግን ብረቱን የኋላ መከላከያውን በያዘው ስስ ብረት ላይ ነበር የበየደው። እኔም ሳላየው ተቀበልኩ። ሶኮሩ ልንደርስ ስንል ከኋላ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማን። ወርደን ስናይ ብየዳው ዳር ዳሩን እንደ ክር በቀጭኑ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ያለው ብረት አዲስ ነበር፣ ያበራል። ሌላው ዝጎ ሳለ እዚያች መስመር ላይ ብቻ ነጭ ነው። ዛሬ ነው የተሰነጠቀው ማለት ነው። ተጎታቹን እዚያው ሰፈር አንድ እናት ግቢ አስቀምጠን፣ ሞተር ሳይክሎቹን ተሸክመን ወደ መኪናው ውስጥ አስገብተን ሄድን። እኚያ እናት ሦስት ቀን ጠብቀውልን አንድ ብር አልተቀበሉም።

ስለዚህ ጋንቾ በቡሎን ይታሰር፣ የሚታሰረውም ሻንሲው ላይ ነው። ሃይስ የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ወፍራም ብረቶች ላይ፣ በሁለቱም በኩል በሳህን ብረት ተደግፎ ይታሰር። የጋንቾው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር የሆነው በብዛት የሚገኘው ነው፤ የተጎታቹ አፍ ከሱ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ሰንሰለት ደግሞ የግድ ነው። በመስቀል ቅርጽ አሳልፋችሁ እሰሩት፤ ጋንቾው ቢለቅ የተጎታቹ አፍ መሬት እንዳይወጋ ይይዘዋል።

ተጎታቹን እንዴት ልጫነው?

ከባዱን ወደ ፊት። ከጠቅላላው ክብደት አሥር በመቶ ያህሉ ጋንቾው ላይ መውረድ አለበት። ከኋላ ከከበደ ተጎታቹ ፍጥነት ላይ እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። ያ ከመጣ ፍሬን አትርገጡ። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ራሱ ይረጋል።

በቆማችሁ ቁጥር የተጎታቹን የጎማ መሃል በእጃችሁ ንኩ። ለብ ማለቱ ደህና ነው። እጃችሁን ማሳረፍ ካቃታችሁ ኩሽኔታው እየሞተ ነው ወይም ፍሬኑ ይዟል። እኛ አሰንዳቦና ወሊሶ ላይ ሁልጊዜ እንነካለን።

አልጋውን በምን ልሥራ?

ከኮምፔርሳቶና ከቱቦላሬ። ውድ ነገር አይፈልግም። ወለሉ ላይ በቀጥታ አትተኙ፤ ብረቱ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ከላዩም ጠል ይይዛል። ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ ሥሩን የዕቃ ማስቀመጫ አድርጉት። ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ይበቃል። ስፖንጁን ሁለት ቦታ አስቆርጡት፤ ሲታጠፍ ሞተር ሳይክሉ ይገባል።

ብርድ ልብስ ከምትገዙ ጋቢ ያዙ። ላብ ይጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል። ለመስኮቱ ወፍራም ጨርቅ ቁረጡና በማግኔት ለጥፉት። የውድድር ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ጀነሬተርና መብራት አያጣውም።

መስኮት ግን ሁለት ጣት ያህል ይከፈት፣ በሁለቱም በኩል። ካልተከፈተ በጠዋት ጣሪያው ያንጠባጥብባችኋል፤ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። ክፍተቱን በአጎበር ጨርቅ ሸፍኑት። ጊቤ ሸለቆ አካባቢ ወይም ሌላ ቆላ ቦታ የምታድሩ ከሆነ አጎበሩ ለወባ ሲባል ግዴታ ነው።

ሲበርድ ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

አይቻልም። ይሄን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ይሰለቻችሁ።

ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታትና ድካም ይመጣል፤ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፣ ይተኛል፣ አይነሳም። አመድ ለብሶ የጠፋ የሚመስለው ፍምም ያንኑ ያወጣል። ቤት ውስጥ ስንቱን ቤተሰብ እንደጨረሰ ሁላችንም ሰምተናል። መኪና ደግሞ ከቤት በብዙ እጥፍ ያነሰች ጠባብ ሳጥን ናት። መስኮት ትንሽ መክፈት አያድንም።

ቡናው ውጪ ይፈላ። የጅማ ልጅ ሆኖ ያለ ቡና የሚያድር የለም፣ ይገባኛል። ጀበናውንም ምድጃውንም ከመኪናው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ስትጨርሱ ፍሙን በውኃ አጥፉና እዚያው ሜዳ ላይ ተዉት። የመኪናውን ሞተር አስነስቶ ለሙቀት ብሎ መተኛትም ያው ነው፤ ማርሚታው ሥር ትንሽ ቀዳዳ ካለች ጭሱ ወለሉን አልፎ ይገባል። ጀነሬተር ከሆነ ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ፣ ጭሱም ወደ እናንተ እንዳይነፍስ አዙሩት።

ቤንዚን ያለበት ሞተር ሳይክልና ጀሪካንም አብሯችሁ አያድርም። ተጎታች ያለን አንዱ ጥቅም ይሄ ነው፤ ሞተር ሳይክሎቹ ውጪ በሰንሰለት ታስረው ያድራሉ። ቁልፉ ትራሳችን ሥር።

ክረምት ላይስ?

ጅማ ዝናቧን ታውቃላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም የተዘጋ ጣሪያ ያለው መኪና ከሌላችሁ መኝታውን እርሱት። ሜዳ ስትደርሱ ቶሎ ሂዱና ከፍ ያለውን ቦታ ያዙ። የመኪናውን አፍንጫ ወደ መውጫው አድርጉ። ተጎታቹን ከመኪናው ፈትታችሁ አስቀምጡት፤ ሌሊት ቢዘንብ መኪናው መጀመሪያ ብቻውን ይወጣል፣ ከዚያ ተጎታቹን በገመድ ትስቡታላችሁ። ሁለት ጣውላ፣ አንድ አካፋና ጠንካራ ገመድ አይጥፋ። የተጣበቀ ጭቃ ያለበት ጫማ ይዞ ወደ ፍራሹ የሚገባ ጓደኛ ካላችሁ፣ በሩ ላይ ባዶ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፉለት።

የጊቤን ቁልቁለት በተጎታች እንዴት ልውረደው?

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ። ከጀመረ በኋላ አይደለም። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ በማርሽ ያዙት፣ ሞተሩ ይጩህ፣ ምንም አይሆንም። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ መውረድ ነው ፍሬን እምቢ እንዲል የሚያደርገው። ረገጥ አድርጉ፣ ልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ቁሙ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውኃ አትድፉበት።

ድልድዩን ካለፋችሁ በኋላ ያለው ዳገት ደግሞ ራዲያተሩን የሚፈትነው ነው። ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ሙቀት ባታደርጉት ይመረጣል። ጨለማም አይመከርም። ለዚህ ነው ጉዞው ጎህ ሲቀድ መጀመር ያለበት፣ ለዚህም ነው አልጋው የሚያስፈልገው።

የኤሌክትሪክ መኪና ቢሆንስ? አሁን የሚገባው እሱ ነው።

ለመተኛት በጣም ጥሩ ነው። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ ጭስ የለውም። ለመጎተት ግን ከጅማ ለሚነሳ ሰው ገና ነው። ተጎታች ሲታሰር አንድ ቻርጅ የሚያስኬደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። መመሪያቸው ላይ ጭራሽ መጎተት ያልተፈቀደላቸው ሞዴሎችም አሉ። ለተመልካች ግን፣ ቻርጅ ማድረጊያውን አስቀድሞ ላጣራ፣ ይሆናል።

ሰነድ ላይ ምን ያስፈልገኛል?

ሊብሬው በስማችሁ፣ ቦሎው የታደሰ፣ ሦስተኛ ወገን የተከፈለ። ተጎታቹም የራሱ መብራት፣ ፍሬቻና አንጸባራቂ ይኑረው። መንጃ ፈቃዳችሁ ለተጎታች ይበቃ እንደሆነ፣ ወንበር አውጥታችሁ አልጋ ስታስገቡ ደግሞ ለውጡ መመዝገብ እንዳለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንሱንም እንዲሁ፤ ተጎታቹ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ናይቫሻ ሄደን ሳፋሪ ራሊ ማየት እንፈልጋለን። በዚሁ መኪና ይሆናል?

ይሆናል፣ ያውም ያለ ተጎታች ስለሆነ ቀላል ነው። ሳፋሪ ራሊ የተጀመረው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ዓለም ራሊ ሻምፒዮና የተመለሰው ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ ናይቫሻ ላይ። ናይቫሻ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታዋ ከጅማ ስለሚበልጥ ሌሊቷ ይበርዳል። በሞያሌ በኩል ነው የሚኬደው። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። የእኛ መሪ ደግሞ በግራ ስለሆነ ሲቀድሙ መንገዱ አይታይም። ከጎን የሚቀመጠው ሰው ዓይናችሁ ነው፤ እንቅልፍ የጠገበውን ሰው እዚያ አስቀምጡ። የመኪናውን የድንበር ማለፊያ ሰነድና ኢንሹራንስ ከመነሳታችሁ ሳምንታት በፊት ጨርሱ።

ውድድሩ እሁድ ከሰዓት ያልቃል። ያንኑ ማታ ልነሳ?

አይ፣ እደሩ። ሰኞ ሥራ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

እኛ አሁን እሁድ ማታ ሞተር ሳይክሉን አጥበን፣ ተጎታቹ ላይ አስረን፣ ራት በልተን በሦስት ሰዓት እንተኛለን። ወንድሜ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ያው ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስፖንጁን አጥፈን እንነሳለን። ወሊሶ ላይ የጎማውን መሃል እነካለሁ፣ ቡና እንጠጣለን፣ ጊቤን ገና ሳይሞቅ እንወርዳለን። ለምሳ ጅማ ነን።